ሽሚት ሀመሩ «ደህና ነው» ሲል

ድሬዳዋ ውስጥ አርማታ ተጠረጠረ ከተባለ መጀመሪያ ከሻንጣ የሚወጣው ሽሚት ሀመር ነው፤ የአርማታውን ገጽ መትቶ የነጠረውን መጠን የሚያነብ መሣሪያ። ቀላል ነው፣ ወዲያው ቁጥር ይሰጣል። ብዙ ሰው ደግሞ እዚያው ያቆማል።

ከዚራ ሰፈር አንድ አሮጌ ቤት ተጠርቼ ነበር። ባለቤቱ ኮለኑን (ምሰሶውን) በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «አቦ፣ ይሄ እኮ አለት ነው!» አሉኝ። ሀመሩም አብሯቸው መሰከረ፣ ንባቡ ከ40 በላይ ወጣ። ጥጉ ላይ ግን ቀጥ ያለ ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች ወርዷል። ከሥሩ ቡናማ እድፍ አለ።

ምልክት፦ ፌሮውን (በአርማታው ውስጥ ያለውን ብረት) ተከትሎ የሚሄድ ስንጥቅ፣ ከዝገት እድፍ ጋር

ፌሮው ዝጓል። ዝገት ከብረቱ የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ ከቨሩን (ፌሮውን የሸፈነውን አርማታ) ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ከጀርባው ብዙ ጊዜ ካርቦኔሽን አለ፤ የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ እያለ ገብቶ ፌሮውን የሚጠብቀውን አልካሊነት ያጠፋል። ካርቦኔሽኑ ግን የአርማታውን ገጽ ያጠነክረዋል። ሀመሩ የሚለካው የገጽ ጥንካሬ ስለሆነ ተሸወደ።

ስለዚህ ጥጉን በትንሹ ፈልፍለው፣ አቧራውን አራግፈው ፊኖልፍታሊን (አልካሊነት ሲያገኝ ሮዝ የሚሆን ፈሳሽ) ይርጩ። (ይሄኛው ምርመራ ኮለኑን ትንሽ ያቆስለዋል፣ ግን ያዋጣል።) ሮዝ ከሆነ ካርቦኔሽን አልደረሰበትም። የከዚራው ኮለን እስከ 3 ሳንቲሜትር ድረስ ቀለም አልያዘም። የፌሮውን ጥልቀት የሚለካው ከቨር ሜትር ደግሞ ፌሮው 2 ሳንቲሜትር ተኩል ላይ ነው አለ። በቃ፣ ነገሩ ተገለጠ፤ ካርቦኔሽኑ ፌሮውን አልፎታል። ዝገቱ የት የት እንደተሰራጨ ለማወቅ የፌሮውን የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ የሚለካ ሃፍ ሴል አለ፤ በመዳብ ሰልፌት ኤሌክትሮድ ከ-350 ሚሊቮልት በታች ካነበበ ዝገት የመኖሩ ዕድል ከ90 በመቶ በላይ ነው።

መፍትሄው የላላውን አንስቶ ከፌሮው ጀርባ ድረስ መፈልፈል፣ ዝገቱን ማጽዳት፣ የሳሳ ፌሮ ካለ በመሐንዲስ ስሌት መደገፍ፣ ከዚያ በጥገና ሞርታር መሙላት ነው። እንዲሁ ለስነው ቀለም ከቀቡት ስንጥቁ ይመለሳል።

ምልክት፦ ፎርምወርክ (የአርማታው ማፍሰሻ ቅርጽ) ሲነሳ የማር እንጀራ የመሰለ ቀዳዳ

አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቀጥቀው ቫይብሬተር አልደረሰም፣ ወይ ሙሌቱ በሙቀቱ ደረቀ፣ ወይ ውሃው በክፍተት ሾለከ። ጥያቄው ቀዳዳው የገጽ ብቻ ነው ወይስ ወደ ውስጥ ዘልቋል የሚለው ነው። እዚህ የድምፅ ሞገድ አርማታውን አቋርጦ ለማለፍ የፈጀበትን ጊዜ የሚለካው አልትራሳውንድ ይሻላል። አንዱን ፕሮብ ወዲህ፣ ሌላውን ወዲያ ማዶ ትይዩ ያድርጉ። 40 ሳንቲሜትር ኮለን በ90 ማይክሮሰከንድ ከተሻገረ ፍጥነቱ በሰከንድ 4.4 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ጥሩ ነው። 140 ማይክሮሰከንድ ከፈጀ ግን ከ3 በታች ወርዷል፣ ያሳስባል። ፕሮቡን ግሪስ ሳይቀቡ ከለኩ ጤነኛውም ይዘገያል፤ በፌሮ አቅጣጫ ከለኩ ደግሞ ታማሚውም ይፈጥናል። ጥልቀት ከሌለው ፈልፍለው ይሙሉ። ከዘለቀ መሐንዲሱ ሳያየው እንዳይደፍኑት።

ምልክት፦ ሶሌታ (የወለል ወይም የጣሪያ አርማታ) በተሞላ በሰዓታት ውስጥ ስስ ስንጥቅ

መሣሪያ አያስፈልግም። የድሬ ፀሐይና ነፋስ ውሃውን ጠጥቶት ነው። ማታ ወይም ሊነጋጋ ሲል ይሙሉ፣ ወዲያው በእርጥብ ጆንያ ይሸፍኑ።

ምልክት፦ ሲመታ ባዶ ድምፅ

ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ነው። ከመደንገጥዎ በፊት መዳፍ የሚያህል ልስን ያንሱና አርማታውን ራሱን ይምቱ። አብዛኛውን ጊዜ የለቀቀው ልስኑ ነው።