ከጎንደር ወደ ብሪታንያ ለሄዳችሁና ለምትሄዱ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች

ይህን የምጽፈው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ እናቴ ቤት ሆኜ ነው። በብሪታንያ የእንስሳት ነርስ ነኝ፤ ለዓመት እረፍት መጥቼ ቡና በተፈላ ቁጥር ሥራው ምን እንደሆነ፣ እንዴትስ እንደሚገባበት የማይጠይቀኝ የለም። እንግሊዝ ከገቡ ጥቂት ወራት የሆናቸውም በስልክ የሚያነሱት ያንኑ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ፣ የእንስሳት ነርስ ውሻ አጣቢ አይደለም። በብሪታንያ የ1966ቱ የእንስሳት ሐኪሞች ሕግ ለተመዘገበ ነርስ በሐኪም ትእዛዝ ሕክምና እንዲሰጥ፣ ደረትና ሆድ የማይከፈትበትን አነስተኛ ቀዶ ሕክምናም እንዲሠራ ይፈቅዳል። ለዚህ ግን ስማችሁ ሙያውን በሚቆጣጠረው አካል፣ በእንስሳት ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ፣ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። አገር ቤት የቱንም ያህል ብትሠሩ ኮሌጁ ትምህርታችሁን ሳይመረምር አይመዘግባችሁም። እስከዚያው በእንስሳት እንክብካቤ ረዳትነት ተቀጠሩ። ቤት መጥረግና የእንስሳቱን ማደሪያ ማጽዳት ይበዛበታል፤ ቢሆንም የክሊኒኩን ቋንቋ የምትለምዱት እዚያው ነው።

የትምህርት ማስረጃ ጉዳይ ብዙዎችን አስለቅሷል። ከመነሳታችሁ በፊት ማስረጃውን እንዲያወጣላችሁ ለወንድም ወይም ለእህት ውክልና ስጡ፤ ከሄዳችሁ በኋላ ውክልናውን በኤምባሲ በኩል ማስላክ ጊዜ ይፈጃል። ስማችሁ በፓስፖርቱና በዲፕሎማው ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን አረጋግጡ። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት ካለም ወደ ፈረንጆቹ ተቀይሮ ይገለጽ።

እንደ አዲስ መማር ግድ ከሆነ ከባዱ ነገር ክፍል ውስጥ የለም። የጸደቀ የሥልጠና ክሊኒክ ማግኘት ነው ከባዱ፤ 1,800 ሰዓት የተግባር ልምምድ የሚሟላው እዚያ ነውና። እኔ ማመልከቻ በኢሜይል እየላክኩ ቆይቼ መልስ ሳጣ በእግሬ እየዞርኩ በር አንኳኳሁ። ያገኘሁትም በዚያ መንገድ ነው።

ከምዝገባ በኋላ ስፔሻላይዜሽን ይመጣል፤ ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የምፈልገውም ይህን ነው። ማደንዘዣ፣ ድንገተኛና ጽኑ ሕክምና፣ የጥርስ ሕክምና፣ የአካል ማገገሚያ፣ የባህርይ ሕክምና፣ ሁሉም ሥራ ሳያቋርጡ የሚማሩት ከፍተኛ ሥልጠና አላቸው። ስትመርጡ ጎንደር ያወቃችሁትን አትጣሉት። ከአዘዞ የመጣ የጋሪ ፈረስ በገመድ አስተኝተን ስንሰፋ ምንም መሣሪያ አልነበረንም፤ የድዱን ቀለም እናያለን፣ ደረቱ ላይ እጃችንን አሳርፈን ትንፋሹን እንቆጥራለን። ማደንዘዣን የመረጥኩት ለዚህ ነው። በብሪታንያ የእንስሳውን ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ሆኖም አስተማሪዬ መጀመሪያ የጠየቀችኝ የድዱን ቀለም ነበር። አባሰንጋን፣ አፍተግርን፣ የእብድ ውሻ በሽታን በዓይናችሁ ያያችሁም በቃለ መጠይቅ ላይ በግልጽ ተናገሩት። የክሊኒኩ ሰዎች በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት ነገር ነው።

በየዓመቱ 15 ሰዓት የሙያ ማሻሻያ መሙላት ግዴታ ነው። ከ2022 ወዲህ ደግሞ ከተማራችሁት ምን እንዳገኛችሁ በጽሑፍ ማስፈር ያስፈልጋል። የሚከፈልበት ኮርስ ብቻ አይደለም የሚቆጠረው፤ የሙያ ጽሑፍ ማንበብም፣ ስለ አንድ ሕሙም ከባልደረቦች ጋር መወያየትም ይገባል። በዕለቱ መዝግቡት፤ ዓመቱ የሚቆጠረው ከመስከረም ሳይሆን ከፈረንጆቹ ጥር አንድ ነው።