የጭነት መኪናን የኋላ ዲፈረንሻል በቤት ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኋላ ዲፈረንሻልን፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን የማርሽ ክፍል፣ ፈትቶ በአዲስ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) መልሶ መግጠም በቤት ግቢ ውስጥ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው። ሆኖም ኮሮናው (ትልቁ ክብ ማርሽ) እና ፒኞኑ (እርሱን የሚያዞረው ትንሹ ማርሽ) የሚናበቡት በሚሊ ሜትር መቶኛ በሚለካ ልዩነት በመሆኑ፣ ለዓይን ደህና የሚመስል ሥራ መኪናው መንገድ ሲወጣ መጮህ ሊጀምር ይችላል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት መለካት የሚገባውን በግምት ከማለፍ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ግን መፍታት ከመጀመሩ በፊት የሚፈጸም ነው። ኃይል አስተላላፊው ዘንግ ከዲፈረንሻሉ ሲለያይ፣ ካምቢዮው ማርሽ ውስጥ ቢሆንም የኋላ ጎማዎችን አይዝም። የእጅ ፍሬኑም ብዙውን ጊዜ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ስለሆነ፣ እነርሱ ከመሬት ከተነሡ በኋላ መኪናውን ከመንከባለል የሚያግደው ነገር የለም። ስለዚህ የፊት ጎማዎች በሁለቱም በኩል ታኮ ሳይደረግላቸው፣ መኪናውም ከክሪክ ላይ ወርዶ በጠንካራ ካቫሌቶ (የብረት ማቆሚያ) ላይ ሳያርፍ ከሥሩ መግባት አይገባም።

ሁለተኛው ስህተት ምልክት ሳያደርጉና ሳይለኩ መፍታት ነው። ኮሮናው የሚታሰርበትን ማቀፊያ የያዙት ሁለት የኩሽኔታ ክዳኖች በፋብሪካ የተቦረቦሩት ከዲፈረንሻሉ ቤት ጋር አንድ ላይ ታስረው ስለሆነ፣ የግራው ወደ ቀኝ ቢዛወር ወይም ላዩ ወደ ታች ቢገለበጥ ኩሽኔታው ትክክለኛ ክብ ቦታ አያገኝም። በግራው ክዳንና በአጠገቡ ባለው ቤት ላይ አንድ ነጥብ፣ በቀኙ ላይ ደግሞ ሁለት ነጥብ መምታት ይህን ጣጣ ያስቀራል። ሺም የሚባሉትን፣ የማርሾቹን ቦታ የሚያስተካክሉ ስስ ቀለበቶችም የወጡበትን ጎን ጽፎ ለየብቻ ማሰርና ውፍረታቸውን በማይክሮሜትር ለክቶ መመዝገብ ያስፈልጋል። አሮጌው የፒኞን ሺም ለአዲሱ ልኬት ከሁሉ የተሻለ መነሻ ነው። ከመፍታቱ በፊት በአሮጌዎቹ ጥርሶች መካከል የነበረውን ክፍተት መለካትም እንዲሁ ይጠቅማል።

ጥርሱ የተበላውን ፒኞን ብቻ ለውጦ ኮሮናውን መተው ወጪ የቀነሰ ይመስላል። ሁለቱ ግን እርስ በርሳቸው ተፋጭተው የተስማሙ ጥንድ ናቸው፤ የሚለወጡትም አብረው ነው።

የኩሽኔታ ነገርም ከዚህ ብዙም አይርቅም። አዲስ ኩሽኔታ ከአሮጌ የውጭ ቀለበቱ ጋር አይገጠምም። ቀለበቱን ወደ ቦታው ለማስገባት ከብረት ይልቅ የነሐስ መምቻ መጠቀምና ዙሪያውን እያፈራረቁ በቀስታ መምታት ይገባል፤ መቀመጫው ላይ በደንብ ሲያርፍ የምቱ ድምፅ ይለወጣል። የሰባበረ ኩሽኔታ ወይም ጥርስ ከነበረ ደግሞ ብናኙ በአክስሉ ቱቦዎች ውስጥ እስከ ጎማው ጫፍ ድረስ ይገኛል። የዲፈረንሻሉን ሆድ ብቻ አጥቦ ቱቦዎቹን መተው አዲሱን ኩሽኔታ በአሮጌው ብናኝ ማስበላት ነው።

በእኔ ግምገማ ከሁሉም በላይ ሥራ የሚያበላሸው የፒኞኑ ዳዶ አጠባበቅ ነው። በብዙ ቀላል የጭነት መኪናዎች ላይ በሁለቱ የፒኞን ኩሽኔታዎች መካከል የሚጨፈለቅ ስሊቭ (አጭር የብረት ቱቦ) ይገባል፤ ዳዶው ሲጠብቅ ስሊቩ በጥቂቱ እየተጨማደደ ኩሽኔታዎቹ የሚፈለገውን መጣበቅ (ልል እንዳይሆኑ የሚያደርግ ጫና) እንዲያገኙ ያደርጋል። ስሊቩን መጨፍለቅ ለመጀመር ብዙ ጊዜ ከ300 ኒውተን ሜትር በላይ ጉልበት ይጠይቃል፤ አንዴ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ግን በትንሽ ዙር ብቻ ልኩ ይታለፋል። ስለዚህ ዳዶውን በጣም በትንሹ እያዞሩ፣ ኩሽኔታዎቹ በዘይት ርሰው ፒኞኑን ጥቂት ዙር ካዞሩ በኋላ፣ ለማዞር የሚፈልገውን ጉልበት በመርፌ በሚያሳይ አነስተኛ ቶርክ መፍቻ መለካት ያስፈልጋል። ለአዲስ ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ የሚጠበቀው ከ1.5 እስከ 3 ኒውተን ሜትር አካባቢ ቢሆንም፣ የመጨረሻው ቃል የመኪናው የጥገና መመሪያ ነው። ልኩ ካለፈ ዳዶውን መልሶ ማላላት አያስተካክለውም፤ የተጨፈለቀ ስሊቭ ወደ ቀድሞው ርዝመቱ ስለማይመለስ ኩሽኔታዎቹ ልል ይሆናሉ። መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ ፈትቶ አዲስ ስሊቭ ማስገባት።

ይህ ሁሉ ልፋት ከመድረሱ በፊት የፒኞኑ ጥልቀት፣ ማለትም ወደ ኮሮናው የቀረበበት ልክ፣ መረጋገጥ አለበት። ሙከራውን ያለ ስሊቭ ማድረግ የተሻለ ነው፤ የአሮጌ ኩሽኔታዎችን የውስጥ ቀዳዳ በጥቂቱ ሞርዶ በእጅ እንዲገቡና እንዲወጡ ማድረግም ሺም በተለወጠ ቁጥር አዲሱን ኩሽኔታ ከመጉዳት ያድናል። ከዚያም ጥቂት የኮሮና ጥርሶች ምልክት ማሳያ ቅባት ይቀባሉ፤ ኮሮናው በእንጨት ወይም በጨርቅ ትንሽ እየተያዘ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዞራል። አሻራው በጥርሱ ቁመት መካከል ካረፈ ጥልቀቱ ትክክል ነው። ወደ ጥርሱ ሥር ከወረደ ፒኞኑ ከመጠን በላይ ገብቷል፤ ወደ ጫፉ ከወጣ ደግሞ ርቋል ማለት ነው። ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት ወደፊት ሲነዳ የሚሠራውን የጥርሱን ጎን ብቻ አይተው ሌላኛውን በመርሳታቸው ነው፤ ሁለቱም ጎኖች በአንድነት ካልተነበቡ ፍርዱ ጎዶሎ ነው።

በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት የሚለካው ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ በሚያሳይ ዳያል ጌጅ ነው፤ በብዙ ቀላል የጭነት መኪናዎች ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በአንድ ቦታ ለክቶ ማቆም ስህተት ነው፤ ኮሮናው ተጣሞ የታሰረ ከሆነ የሚታወቀው በዙሪያው በተለያዩ ቦታዎች ሲለካ ብቻ ነው። ክፍተቱን ለመለወጥ ሺም ከአንዱ ጎን ሲቀነስ ያንኑ ያህል በሌላው ጎን መጨመር አለበት፤ አለዚያ የጎን ኩሽኔታዎቹ መጣበቅ አብሮ ይቀየራል። የኮሮናው ቡሎኖች ደግሞ ጥርሳቸው ከዘይት ጸድቶ፣ የቡሎን ማጣበቂያ ተቀብተው፣ ፊት ለፊት እየተፈራረቁ በቶርክ መፍቻ ይጠብቃሉ።

የመጨረሻዎቹ ስህተቶች መኪናው ከወረደ በኋላ ይመጣሉ። የአክስሉ መተንፈሻ ተደፍኖ ከቀረ ውስጡ ሲሞቅ የሚፈጠረው ግፊት ዘይቱን በአዲሱ ፓራኦሊዮ (የዘይት መከልከያ ጎማ) በኩል ያስወጣዋል። በአብዛኛው የሚያስፈልገው ጂኤል-5 የሚል ደረጃ ያለው የማርሽ ዘይት ሲሆን፣ መንሸራተትን የሚገድብ ዲፈረንሻል በፍሪሲዮን ሰሌዳ የሚሠራ ከሆነ መመሪያው የሚጠይቀውን ተጨማሪ ፈሳሽ መዘንጋት አይገባም። አዲስ ኮሮናና ፒኞን ተገጥሞ ከሆነ የመጀመሪያው ጉዞ አጭርና ያለ ጭነት ይሁን፤ ዲፈረንሻሉም በእጅ እስኪነካ ድረስ ይቀዝቅዝ። የመጀመሪያዎቹ 800 ኪሎ ሜትር እስኪሞሉ ከባድ ጭነት መጎተት አይገባም። ከዚያ ዘይቱ ሲቀየር በማግኔቱ ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ብናኝ ቢገኝ የተለመደ ነው፤ በጣት ሲዳሰስ የሚቆረቁር ስንጥር ካለ ግን ክዳኑ ተመልሶ ከመታሰሩ በፊት ጥርሶቹና ኩሽኔታዎቹ እንደገና መታየት አለባቸው።