ቅጠል ወጣ ማለት ጸደቀ ማለት አይደለም፦ በለስ ከቁራጭ ስትተክሉ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ታኅሣሥ ላይ ለአንድ የሰፈራችን ልጅ ስድስት የበለስ ቁራጭ ሰጠሁት። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሁሉም ጸደቁ! ቅጠል አውጥተዋል። አሁን ወደ ትልቅ ባልዲ አዛወርኳቸው» አለኝ። ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጣል። እኔ ደነገጥኩ። ከአምስት ቀን በኋላ መልሶ ሲደውል ስድስቱም ጠውልገው ነበር።

እዚህ ሱሉልታ ችግኝ ማፍላት ከጀመርኩ ወዲህ ይህንን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ ልጻፈው። በለስ ስል እሾሃሙን የትግራይ በለስ ማለቴ አይደለም። የሾላና የዋርካን ዘመድ ነው፤ ቅጠሉ የእጅ መዳፍ የሚመስለውን፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣውን።

ትልቁ ስህተት ቅጠልን አይቶ ሥር አለው ብሎ ማሰብ ነው። ቁራጩ ከእናት ዛፉ ይዞት የመጣው ስንቅ አለው። ቅጠሉ የሚወጣው በዚያ ስንቅ ነው። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ያምራል፤ ከሥሩ ግን ምንም የለም። ሥር ለመስደድ አንድ ወር፣ በእኛ ብርድ ሁለት ወርም ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መሀል የነካችሁት እንደሆነ አለቀ። ገና የወጣ የበለስ ሥር ነጭና ተሰባሪ ነው፤ አፈሩ ትንሽ ሲነቃነቅ ቀጭ ይላል።

እኔም አድርጌዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት አሥራ ሁለት ቁራጭ ተክዬ በየሦስት ቀኑ አንዱን እየነቀልኩ አይ ነበር። ሰባተኛውን ስነቅል ጫፉ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጭ ሥር ነበረች። እጄ ላይ ተቆረጠች። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ከአሥራ ሁለቱ አንድም አልተረፈልኝም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ። አንገቱን ቁረጡት፤ ታቹን በጋለ ሚስማር አራት አምስት ቦታ ብሱት። ከተከላችሁ በኋላ በጥቁር ፌስታል ጠቅልሉት፣ ሥር ጨለማ ይወዳልና። በሳምንት አንድ ቀን ፌስታሉን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። መጀመሪያ የሃይላንዱ ግድግዳ ላይ ነጭ ክር የመሰለ ሥር ይታያል። ያኔም አትንኩት። ክሩ ቅርንጫፍ ሲያወጣ፣ ወደ ቡናማ ሲያደላና ጠርሙሱን ዙሪያውን ሲይዘው፣ እቃ የሚቀየርበት ጊዜ ደረሰ ማለት ነው።

ውኃ ማብዛት ሁለተኛው ነው። ቅጠልም ሥርም የሌለው እንጨት ውኃ አይጠጣም፤ በየቀኑ ስታጠጡት ይበሰብሳል። የበሰበሰ ቁራጭ ታችኛው ጫፉ ይጠቁራል፣ ስትጫኑት ይለሰልሳል፣ ይሸታል። ሃይላንዱን አንሱት፤ ከበድ ካለ ተዉት፣ ከቀለለ ትንሽ አጠጡት።

አፈሩም አለ። የግቢያችሁን መረሬ አፈር እንዳለ እቃው ውስጥ አትጠቅጥቁ። ሲረጥብ ጭቃ ነው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ሥሩን ይበጥሰዋል። እኔ ለመንገድ የሚደለደለውን ቀይ አሽ ነፍቼ፣ የሽንብራ ፍሬ የሚያክለውን መርጬ፣ በደንብ ከበሰለ ኮምፖስት ጋር እኩል በእኩል እቀላቅለዋለሁ። ትኩስ ፍግ ጨርሶ አታስገቡ፤ ያቃጥላል።

ቁራጩን ገልብጦ መትከል፦ ዓይኖቹ፣ ማለትም ቅጠል የሚወጣባቸው እብጠቶች፣ ወደ ላይ እንዲያዩ አድርጉ፣ በቃ።

ለምለሙን ጫፍ ቆርጠው የሚመጡም ብዙ ናቸው። እሱ ቶሎ ይበሰብሳል። እርሳስ የሚያክል፣ የጠነከረ፣ ያለፈው ዓመት እንጨት ይሁን፤ ርዝመቱ 20 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ሦስት አራት ዓይን ያለው። የሚቆረጠው ዛፉ ቅጠሉን ሲያራግፍ ነው። ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ። ወተቱ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ከመታው ውኃ ቋጥሮ ያቆስላል።

ከደረቀ በለስ ላይ ዘር ለቅመው የሚዘሩም አሉ። ይበቅላል። ግን ግማሽ ያህሉ የሚበላ ፍሬ የማይሰጥ ወንዴ ዛፍ ይሆናል፤ ያንን የምታውቁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ብርዱን አትናቁት። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያልፋል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ አለ። ሲሚንቶ ላይ ያደረ ሃይላንድ ሌሊቱን በረዶ ይሆናል። ቁራጩ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ብርሃን አይፈልግም፤ ሙቀት ነው የሚፈልገው። የእኔ ቁራጮች በደንብ መጽደቅ የጀመሩት እንጀራ የሚጋገርበት ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳውን አስጠግቼ ጣውላ ላይ ከደረደርኳቸው በኋላ ነው። ቅጠል ሲያወጡ መስኮት አጠገብ አመጣቸዋለሁ።

እቃ ስትቀይሩ ደግሞ በቀጥታ ወደ ባልዲ አትዝለሉ። ሥሩ ያልደረሰበት አፈር እርጥብ እንደሆነ ይቆይና ያበሰብሰዋል። ከሃይላንድ ወደ ሦስት ሊትር፣ ከዚያ ወደ ባልዲ። ግንዱን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ ሃይላንዱን ከላይ እስከ ታች በመቀስ ቅደዱትና አፈሩን ሳይፈርስ አስገቡት። ሳምንት ጥላ ውስጥ ይቆይ። ከዚያ የጠዋት ፀሐይ አንድ ሰዓት፣ ቀጥሎ ሁለት፣ እንደዚያ እያላችሁ። ቤት ውስጥ ያደገ ቅጠል የእኛን የቀትር ፀሐይ አይችልም፤ በአንድ ቀን ይቃጠላል። የመጀመሪያውን ክረምት በረንዳ ላይ ያሳልፍ፤ ዝናቡና በረዶው ገና አይሆነውም።

ትንሿ ችግኝ ፍሬ ብታወጣ ቀንጥሱት። ጎረቤቴ እትዬ «ኧረ ነውር ነው፣ ፍሬ ይቀነጠሳል?» ብለው እምቢ አሉ። ይገባኛል፤ እኔም እጄ እየሳሳ ነው የምቀነጥሰው። ግን ያቺ ፍሬ የምትበላው የሥሩን ጉልበት ነው። የእሳቸው ችግኝ ዓመቱን ሙሉ አንድ ስንዝር ሳያድግ ቆመ።

ለልጁ ሌላ ስድስት ቁራጭ ሰጥቼዋለሁ። አሁን በየእሑዱ በቴሌግራም ፎቶ ይልክልኛል። ባለፈው እሑድ አንዱ ሃይላንድ ጎን ላይ ሁለት ነጭ ክር ይታያል። «ልቀይረው?» አለኝ። «ገና ነው፣ ፌስታሉን መልሰህ ጠቅልለው» አልኩት።