ለባህር ዳር መንገድ የሚሆን የፊት ሞላ፦ የስፖርት መኪናችሁን እግር እንዴት ታሻሽላላችሁ?

ባህር ዳር ሜዳ ከተማ ናት። ማለዳ ባጃጁና ሳይክሉ ሳይወጣ በዘንባባው መሐል ስትነዱ መኪናችሁ ምንም የጎደላት አይመስልም። ነገሩ የሚታወቀው አደባባይ ላይ ነው። ስትዞሩ ወደ ጎን ታጋድላለች። ፍሬን ስትይዙ በአፍንጫዋ ትደፋለች። ባጃጅ ድንገት ገብቶባችሁ መሪውን ስትጠመዝዙ ደግሞ ትንሽ ቆይታ ነው የምትታዘዘው።

ይህን የፊት ሞላ በመቀየር ብዙ ማሻሻል ይቻላል። ያየኋቸው አብዛኞቹ ሰዎች ግን የሚጀምሩት መኪናዋ ዝቅ እንድትልላቸው ብለው ነው። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። ከፍታዋን ጠብቁ፣ የሞላውን ጥንካሬ በልክ ጨምሩ፣ የሞላውን ንጥረት የሚገታውን አሞርዛተር አትርሱ።

እዚህ የማወራው ማክፈርሰን ስለሚባለው የፊት እግር ነው። ሞላው አሞርዛተሩን ከብቦ አብሮት ይቆማል። የቶዮታ ሴሊካ የፊት እግር እንዲህ ነው፤ የቪትዝና የኮሮላም እንዲሁ። ስለዚህ የስፖርት መኪና ባይኖራችሁም አሠራሩ ያው ነው።

መጀመሪያ ያለውን ፈትሹ

ያረጀ ጎሚኒ (መገጣጠሚያዎቹ ላይ ያለው ላስቲክ)፣ የላላ ቴስቲና (የመሪውና የእግሩ ኳስ መገጣጠሚያ) ወይም ዘይት የሚያፈስ አሞርዛተር ካለ አዲስ ሞላ ገንዘብ ማባከን ነው። የመኪናዋን የፊት ጥግ በእጃችሁ ወደ ታች ተጭናችሁ ልቀቁት። አንዴ ተመልሳ ቀጥ ካለች ደህና ነው። ከፍ ዝቅ ማለቷን ከቀጠለች አሞርዛተሩ ደክሟል።

ቀጥሎ ሜትር አውጡ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ ከጎማው መሐል ነጥብ ከበላዩ እስካለው የፓራፋንጎ (የጎማ ሽፋን) ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም በኩል ለኩና ጻፉ። በፊት ግራና ቀኝ መካከል ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ካያችሁ አንደኛው ሞላ ረግቦ ወይም ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ቁጥሮቹን አትጣሉ፣ በኋላ ያስፈልጋሉ።

ሞላውን መምረጥ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። መፍታትና መግጠሙን ጎበዝ መካኒክ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ምርጫው ከተበላሸ ግን ማንም አያድነውም።

የሞላ ጥንካሬ የሚለካው አንድ ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ ስንት ኪሎ ጭነት ይፈልጋል በሚል ነው። የሚወስኑት ደግሞ የሽቦው ውፍረት፣ የጥቅሉ ስፋትና የዙሩ ብዛት ናቸው። ከሁሉም የሚከብደው ውፍረቱ ነው። ሌላው ሳይለወጥ ሽቦው ከ12 ወደ 13 ሚሊ ሜትር ቢወፍር ጥንካሬው በ38 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዓይን የማይለይ አንድ ሚሊ ሜትር ይህን ያህል ያደርጋል። ስለዚህ ያገለገለ ሞላ ስትገዙ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ያዙ። እዚህ አጥታችሁ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የምታስመጡ ከሆነ የሽቦውን ውፍረት፣ የዙሩን ብዛትና የቁመቱን ልክ አስቀድማችሁ በስልክ አስለኩ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ጠንካራ ሞላ ፍለጋ ከከባድ መኪና ላይ የወጣ ሞላ የሚገጥም አለ። አንድ የፊት ጎማ 300 ኪሎ ተሸክሟል እንበል። የመጀመሪያው ሞላ በሚሊ ሜትር 2 ኪሎ ከሆነ በ150 ሚሊ ሜትር ተጨምቆ ይቆማል። 2.5 ኪሎ የሆነውን ብትገጥሙ የሚጨመቀው 120 ብቻ ነው። ቁመታቸው እኩል ከሆነ መኪናዋ በአፍንጫዋ በኩል 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ አለች ማለት ነው። ይህን በራሴ መኪና ላይ አይቼዋለሁ። አፍንጫዋ ቀና አለ፣ የመብራቷ ጨረር ዛፍ ላይ ወጣ፣ መልሼ አስፈታሁት። ጠንካራ ሞላ ቁመቱም በዚያው ልክ ማጠር አለበት።

ሞላ ማስቆረጥ የሚባለውን ደግሞ ተዉት። ባለ ስድስት ዙር ሞላ አንድ ዙር ሲቆረጥ በ20 በመቶ ይጠነክራል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ወንበሩ (ሞላው የሚያርፍበት ሳህን) ላይ እንዲቀመጥ ተብሎ የተሠራው ጫፍ አብሮ ይሄዳል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ሞላው ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በእሳት አግሎ ማስረገብ ከዚህም የባሰ ነው፤ ብረቱ የሞላነት ባሕርይውን ያጣል።

ዝቅ ማለትን በተመለከተ፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር አትለፉ። የመጀመሪያው ምክንያት መንገዱ ነው። በክረምት ጉድጓዱ ውኃ ሞልቶ ጥልቀቱ አይታይም። የፍጥነት መቀነሻው ጉብታና የኮብልስቶኑ መገጣጠሚያም አለ። ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጣል። ማክፈርሰን እግር ላይ መኪናዋ በጣም ስትወርድ ጎማውን ከሻንሲው የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ በጎማው በኩል ወደ ላይ ያዘነብላል። ያኔ መኪናዋ የምታጋድልበት ነጥብ ከክብደቷ ማዕከል ይልቅ ፈጥኖ ይወርዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ ደግሞ ማጋደሉ ይብሳል። ሞላው ካልጠነከረ ዝቅ ያለችው መኪና ከበፊቱ የበለጠ ልታጋድል ትችላለች።

ታዲያ ጥንካሬው ስንት ይጨመር? ለዚህ ከተማ ከ15 እስከ 25 በመቶ ይበቃል እላለሁ። የፊቱን ብቻ ከዚያ በላይ ብታጠነክሩት ኩርባ ላይ ክብደቱ በውጪው የፊት ጎማ ላይ ይከመራል። መሪው መጀመሪያ ፈጣን ይመስላል፣ ፍጥነት ሲጨምር ግን አፍንጫዋ ወደ ውጭ ትሸሻለች። አሞርዛተሩም አዲሱን ሞላ መግታት የሚችል መሆን አለበት። አሮጌ አሞርዛተር ላይ ጠንካራ ሞላ ካደረጋችሁ መኪናዋ እንደ ኳስ ትነጥራለች።

መፍታት

ይህን ሥራ ብቻችሁን አትሥሩ። የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። ሞላ መጭመቂያ ከሌላችሁ ወይም ያላችሁ ጥርሱ የተበላ ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙና ጋራዥ ውሰዱት።

መኪናዋን ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፤ ዝናብ የጠጣ አፈር ላይ በፍጹም አይሆንም። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አግዱ። የጎማውን ዳዶዎች መሬት እንደያዘ አላሉ። በክሪክ አንሡና ሻንሲውን በብረት ድጋፍ አስቀምጡ። በክሪክ ብቻ ከተንጠለጠለች መኪና ሥር ማንም አይግባ።

ጎማውን አውጡ። የፍሬኑን ቱቦና የኤ ቢ ኤስ ሽቦ ካለ አሞርዛተሩ ላይ ከታሰሩበት ፍቱ። የስታብላይዘሩንም (ማጋደልን የሚቀንሰው ዘንግ) ማያያዣ ፍቱ። አሞርዛተሩን ከታች የያዙትን ሁለት ቡሎኖች ከመፍታታችሁ በፊት ያሉበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ። የጎማው ዘንበል የሚወሰነው እዚያ ነው። የዛገ ዳዶ ካስቸገረ ማላቀቂያ ዘይት ነፍታችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ፤ በጉልበት ቡሎን ከመስበር ይሻላል። የፍሬኑ ቱቦ ክብደት እንዳይሸከም የጎማውን መያዣ በሽቦ እሰሩት።

በመጨረሻ ኮፈኑን ከፍታችሁ ከላይ ያሉትን ትናንሽ ዳዶዎች ፍቱ። መሐል ያለውን ትልቁን ዳዶ አትንኩት። ሞላውን አፍኖ የያዘው እሱ ነው።

መጭመቅና መግጠም

ሁለቱን መጭመቂያዎች በሞላው ላይ ፊት ለፊት አስቀምጡ። ከአንዱ ትንሽ፣ ከሌላው ትንሽ እያላችሁ በእጅ ቁልፍ አጥብቁ። በአየር ቁልፍ አይሆንም። ሞላው ወንበሩ ላይ በእጅ ሲነቀነቅ ከላላላችሁ መሐሉን ዳዶ ፍቱ። ፊታችሁም ሰውነታችሁም ከሞላው ጫፍ ፊት ለፊት አይሁን።

ከተፈታ አይቀር የላይኛውን ኩሽኔታ (መሪው ሲዞር እግሩን የሚያዞረው ተሽከርካሪ ቀለበት) በእጅ አዙሩት። ቢያንኳኳ ወይም ቢሻክር ቀይሩት። የአቧራ መከላከያውንና እግሩ ጥግ ድረስ ሲጨመቅ የሚያቆመውን ላስቲክም እዩ። አዲሱን ሞላ ስታስገቡ ጫፉ ወንበሩ ላይ ካለው እርከን ጋር ልክ ይግጠም። የላዩን ከታቹ ለዩ። መሐሉን ዳዶ ሙሉ በሙሉ ሳታጠብቁ መጭመቂያውን አታላሉ።

የቀረው የፈታችሁትን ወደ ቦታው መመለስ ነው፤ በቀለም ምልክቱ ላይ አድርጉ። ማጥበቂያውን ኃይል ከመኪናችሁ መመሪያ አንብቡና በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። ጎሚኒ የሚይዙ ቡሎኖችን ፈትታችሁ ከነበረ የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው። ተንጠልጥላ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ቶሎ ይቀደዳል። ሁለተኛውን ጎን በዚያው ቀን ሥሩ። አንድ ጎን አዲስ፣ አንድ ጎን አሮጌ ሞላ አይደረግም።

ከገጠማችሁ በኋላ

የጻፋችሁትን ቁጥር አውጡና እንደገና ለኩ። ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ በዝግታ ከተማ ውስጥ ዙሩ። መሪውን ጥግ ድረስ ስታዞሩ የሚንኳኳ ድምፅ ከሰማችሁ ኩሽኔታው ወይም የሞላው ጫፍ አልተቀመጠም፤ ተመለሱ።

ቀጥሎ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘንበል ማስተካከል ነው። ያለ አላይመንት የጎማው አንድ ጠርዝ ብቻ ይበላል። የፊት መብራቱንም አብራችሁ አስተካክሉ፤ ማታ ከፊት የሚመጣው ሳይክለኛ እንዳይታወር።

ከዚያ ጸጥ ባለ የእሁድ ጠዋት በ2016 ዓ.ም. በተከፈተው አዲሱ የአባይ ድልድይ በኩል ውጡ። በሕጉ ፍጥነት፣ መሪውን በቀላሉ ይዛችሁ፣ ወደ አንድ ጎን ትስብ እንደሆነ አዳምጡ። ፍሬን ያዝ አድርጉና አፍንጫዋን እዩ። ሞላው ትንሽ እየረገበ ቦታውን ስለሚይዝ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ከፍታውን ድጋሚ ለኩ፣ ቡሎኖቹን ፈትሹ፣ እጃችሁን በፊት ጎማዎቹ የውስጥ ጠርዝ ላይ አሳልፉ። ሻካራ ከሆነ ወደ አላይመንቱ ተመለሱ።