ተዋጊውን ዳር የሚያስቀሩ ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንጫወታለን፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ፣ ውጤቱን በዳይስ እየለየ አብሮ ታሪክ የሚፈጥርበት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ታሪኩን የምመራው እኔ ነኝ። አንድ ቀን አስማተኛው የእሳት ኳስ ወረወረ፣ 8 ዳይስ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ፣ ሽፍቶቹ ባንዴ አለቁ። ተዋጊውን የሚጫወተው ልጅ ዳይሱን በእጁ እንደጨበጠ "እና እኔ ምን ልሥራ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ትልቁ ስህተት፣ እኛ ስንበተን በታሪኩ ውስጥ ያለውንም ቀን አብሮ መጨረስ ነው። እዚህ ሰፈር ታክሲ በጊዜ ስለሚጠፋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ እንበተናለን፣ ስለዚህ የሚደርሰን አንድ ውጊያ ብቻ ነው፣ በሳምንቱ ደግሞ "አድራችሁ ነቅታችኋል" ብዬ እጀምር ነበር። 5ኛ ሌቭል የደረሰ አስማተኛ የእሳት ኳስ የሚወረውርበት ዕድል በታሪኩ አንድ ቀን ውስጥ 2 ገደማ ብቻ ነው። አንድ ውጊያ ብቻ እንዳለ ካወቀ ለምን ይቆጥባል? በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የጨዋታው የመሪዎች መጽሐፍ አንድ ቡድን በቀን ከ6 እስከ 8 ፍልሚያ ይችላል ይላል። ተዋጊው ደግሞ 1 ሰዓት ካረፈ ዋና ዋና ችሎታው ይመለስለታል፣ ቀኑ በረዘመ ቁጥር እሱ ይጎላል። አሁን የቀረውን አስማት ደብተር ላይ ጽፈን ቅዳሜ ካቆምንበት እንቀጥላለን።

ጠላትን አንድ ቦታ አታጉሩ። የእሳት ኳሱ በየአቅጣጫው 6 ሜትር ያህል ይደርሳል፣ በትኗቸው።

አስማተኛውን ማዳከምም አያዋጣም። የእሳት ኳሱን ጉዳት የሚወስኑትን 8 ዳይስ ወደ 5 አውርጄ አይቻለሁ፤ ልጁ አኮረፈ፣ ተዋጊው ግን ምንም አላገኘም። ሕጉ ራሱ ልጓም አለው እኮ! ትኩረት የሚጠይቅ አስማት ይዞ የተመታ ሰው በዳይስ 10ን ወይም የጉዳቱን ግማሽ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ካላመጣ አስማቱ ይቋረጣል። በተመታ ቁጥር ዳይሱን አስጥሉት።

ሌላው ለተዋጊው ጉልበት ብቻ መጨመር ነው። አስማተኛው ይበራል፣ ይሰወራል፣ የሰው ሐሳብ ያነባል። ተዋጊው ጎራዴው ቢሳልለትም ከውጊያ ውጭ ሥራ የለውም። በ1978 እ.ኤ.አ. በወጣው የጨዋታው ሕግ 9ኛ ሌቭል የደረሰ ተዋጊ ምሽግ ሠርቶ ጭፍራ ይሰበስብ ነበር። ያንን መልሱለት፣ 9ኛ እስኪደርስም አትጠብቁ። ባለፈው ቅዳሜ በታሪኩ ውስጥ የከተማዋ በር ላይ ዘበኞች ከለከሏቸው። ተዋጊውን የሚጫወተው ልጅ ከሶፋው ተነስቶ "ዘራፍ!" ብሎ ፎከረ፣ የዋለባቸውን ጦርነቶች አንድ በአንድ ጠራ። ከዘበኞቹ አንዱ አብሮት የዘመተ ነበር አልኩ። በሩ ተከፈተ፣ 3 ዘበኞችም ተከተሉት። ልጁ ወደ ታክሲው ከመሮጡ በፊት ስማቸውን ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፈ።