የልብ ቀዶ ሕክምና ሲራዘም ቤት ውስጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

የእናቴ የልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። መጀመሪያ የጽኑ ሕሙማን አልጋ ታጣ፤ ሁለተኛው ላይ እሷን ራሷን ትኩሳት ያዛት። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ 5 ወር ጠበቅን። ያጠፋነውን ልንገራችሁ።

ትልቁ ጥፋታችን «ተራዝሟል» ሲሉን ዕቃችንን ሸክፈን መውጣታችን ነው። እናቴ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች፤ ለቀዶ ሕክምናው ተብሎ 5 ቀን ቀድማ እንድታቆም ታዝዛ ነበር። ቀጠሮው ሲቀር ግን «መልሰሽ ጀምሪ» ያላት የለም፣ እኛም አልጠየቅንም። በሳምንቱ ልትጠይቃት የመጣች የጎረቤት ልጅ፣ ነርስ ናት፣ ቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠውን ፓኬት አንስታ «እማማ፣ ይሄን አሁንም አቁመዋል?» አለቻት። ቫልቩ የጠበበና የልብ ምቱ የተዛባ ሰው ደም ማቅጠኛ ሲያቋርጥ ልቡ ውስጥ ደም ሊረጋ፣ የረጋው ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። በራስ ፈቃድ መጀመርና ያለፈውን ላካክስ ብሎ መደረብም አደጋ ነው። ከሆስፒታል ሳትወጡ የትኛው መድኃኒት ከመቼ ጀምሮ እንደሚቀጥል፣ አይኤንአር የሚባለው፣ ደሙ ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚለካው ምርመራ መቼ እንደሆነ በወረቀት አጽፉ። በጾም ወራት ጎመን በየቀኑ እየበሉ ሲፈሰክ እርግፍ አድርጎ መተውም የዋርፋሪኑን ልክ ያዛባል።

ቀጥሎ ምክንያቱን ደበቅናት። እንዳትጨነቅ ብለን ነበር። እሷ ግን «ልቤ የማይሠራ ሆኖ ነው የመለሱኝ» ብላ ሦስት ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። አልጋ ጠፍቶ መሆኑን ስንነግራት ተነሥታ ቡና አፈላች። (ጠያቂ ሁሉ «ለበጎ ነው» ሲላት ግን ዛሬም ትበሽቃለች፤ አልፈርድባትም።)

ጨው አቁመናል ብለን ራሳችንን ስናታልልም ከርመናል። ወጡ ላይ አንጨምርም፤ ነገር ግን በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። እግሯ ማበጡን ያየነው ጫማዋ እምቢ ሲላት ነው። ከዚያ ወዲህ ለእሷ ያለ ጨው ለብቻ አስፈጨን፣ ሚዛንም ገዛን። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ትመዘናለች። በ2 ወይም 3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረች ውኃ እየቋጠረች ነውና ለሐኪሟ እንደውላለን። መንገድ ዳር ያሉት ልጆች ሚዛን ለዚህ አይሆንም፤ ዛሬ አንዱ ላይ፣ ነገ ሌላው ላይ ከወጣችሁ ልዩነቱ አይታወቅም።

ለክትትል ወደ ከተማ በምትገባበት ቀን የሽንት ኪኒኗን፣ ላሲክሱን፣ ትዘለው እንደነበር ዘግይቼ ነው የሰማሁት። ሁለት ታክሲ ተቀያይሮ፣ በዚያ ወረፋ፣ መጸዳጃ ቤት በሌለበት መንገድ ማን ይፈርድባታል? ሐኪሟን ስትጠይቅ የምትወስድበትን ሰዓት አዛወረላት፤ በዚሁ አለቀ።

ጸበል ላይ ቤተሰቡ ተከፋፍሎ ነበር። የንስሐ አባቷ «መድኃኒቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው፣ እንዳታቋርጪ» ብለው ገላገሉን። ያልታሰበው መጠኑ ነበር። በቀን የምትጠጣው ፈሳሽ ተለክቶ ለተሰጣት ሰው አንድ ጆግ ጸበል ቀላል አይደለም። አሁን በስኒ ትጠጣለች፣ ስኒውም ከቀኑ ልክ ይቆጠራል።

ለወገብ ሕመም ብሎ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ መግዛት፣ የተበላ ጥርስን «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ» ማለት፣ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የታዘዘውን የፔኒሲሊን መርፌ «ቀዶ ሕክምና ልሠራ ነው» ብሎ መተው፦ ሦስቱንም አታድርጉ። ታማሚው ሲተኛ ትንፋሽ ካጠረው፣ ትራስ መደራረብ ከጀመረ ወይም ራሱን ከሳተ ደግሞ የቀጠሮ ቀን አይጠበቅም፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

የመጨረሻው አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ ማስመዝገብ ነው። አልጋ ሲለቀቅ በድንገት ይደወላል፤ ካልተነሣ ወደ ቀጣዩ ታማሚ ይታለፋል። እኛ ሦስት ቁጥር ሰጠን። ጥሪው የመጣው ማክሰኞ ማታ ነው፤ ሰፈሩ መብራት ጠፍቶ የእኔ ስልክ ተዘግቷል። ያነሣው ቃሊቲ ያለው ታናሽ ወንድሜ ነበር፣ በሰው ሞተር መጥቶ ደረጃውን ሮጦ ወጣ።