ከሚደበድብ ባል ቤት በደኅና መውጣት፦ ጎጃም ውስጥ ላለች ሴት

ባል ሚስቱን ሲመታ ጎጃም ውስጥ ነገሩ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። ሴቲቱ አኩርፋ ወላጆቿ ቤት ትገባለች፤ ባል አማላጅ ይልካል፤ ሽማግሌ ተቀምጦ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል፤ ትመለሳለች። ሽምግልና ብዙ ደም አድርቋል፤ ተዪው አንልም። የምንለው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ሕይወት፣ ቀጥሎ የሐኪም ወረቀት፣ ሽማግሌ ከዚያ በኋላ። ይህ ሲገለበጥ ቁስሉ ይሽራል፣ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ፖሊስ ጋ ስትደርሺ የምታሳዪው ነገር አይኖርም።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ከ15 እስከ 49 ዓመት ሴቶች 34 በመቶዎቹ ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ባንቺ ቤት ብቻ የገባ ጉድ አይደለም።

አደጋው ምን ያህል ቀርቧል?

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው አንገት ማነቅ ነው። አንድ ጊዜ ያነቀ ባል ሌላ ጊዜ የመግደል ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ታንቀሽ ድምፅሽ ከጎረነነ፣ መዋጥ ካቃተሽ፣ ዓይንሽ ውስጥ ቀይ ነጠብጣብ ከታየ፣ ራስሽን ከሳትሽ ወይም ሽንት ካመለጠሽ አንገትሽ ላይ ምንም ምልክት ባይኖርም ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂ፤ የውስጥ እብጠቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ቤት ውስጥ ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ መኖሩ፣ በእርግዝና ጊዜ መምታቱ፣ «ከሄድሽ እገድልሻለሁ» ማለቱ፣ ዱላው ከወር ወደ ሳምንት መቅረቡ፣ እነዚህም እንደ ቀላል አይታዩም።

ሌላው ብዙዎች የማያስቡት ነገር፣ ዋናው የአደጋ ሰዓት ልትሄጂ መሆኑን ያወቀበት ሰዓት ነው። ስለዚህ በንዴት «ትቼህ እሄዳለሁ» አትበዪ። ከሄድሽ በኋላ ይወቅ።

ጠብ ሲነሳ ከጓዳና ከማድቤት ራቂ፤ ቢላው፣ ዘነዘናው፣ እሳቱ ያለው እዚያ ነው። ወደ ውጭ የሚያስወጣ በር ያለበት ክፍል ሁኚ። መውጣት ካልቻልሽ ጥግ ላይ ተኮራምተሽ ራስሽንና ፊትሽን በክንድሽ ሸፍኚ። ኡኡ ማለት አያሳፍርም፤ ጎረቤት የሚደርሰው ሲሰማ ነው። ልጆችሽ መሐል ገብተው እንዳይገላግሉ፣ ይልቅ ወደ እትዬ እገሊት ቤት እንዲሮጡ ቀድመሽ አስተምሪያቸው።

ከመውጣትሽ በፊት

ሁለት ሰው ያስፈልግሻል፤ አንድ ቅርብ፣ አንድ ሩቅ። ቅርቧ ጎረቤት ናት። ከእርሷ ጋር ምልክት ተስማሚ፤ ለምሳሌ ልጅሽ «እማዬ ወንፊት አውሺኝ ብላለች» ካለ ሰው ይዛ እንድትመጣ። ሩቁ የምታርፊበት ነው። ወላጅ ቤት ባልሽ መጀመሪያ የሚመጣበት ቦታ ስለሆነ ለአንድ ሌሊት ካልሆነ አይመከርም። የአክስት ቤት፣ የክርስትና እናት፣ ሌላ ከተማ ያለች የትምህርት ቤት ጓደኛ ይሻላሉ። ወንድሞችሽን በተመለከተ እውነቱን እንናገር፤ ብዙ ሴቶች ዱላቸውን የሚደብቁት ወንድማቸው ሰው እንዳይገድል ብለው ነው። ፍርሃቱ ትክክል ነው፣ መደበቁ ግን ይገድላል። ከወንድሞችሽ ረጋ ያለውን ምረጪ፤ «አብረኸኝ ፖሊስ ጣቢያ ና፣ ሌላ ምንም እንዳታደርግ» ብለሽ አስምዪው።

ከቤት በጥቂት በጥቂቱ አውጥተሽ ጎረቤት ዘንድ የምታስቀምጪው፦ መታወቂያ፣ የጋብቻ ወረቀት ካለ፣ የልጆች የልደትና የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የምትወስጂው መድኃኒት፣ አንድ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ለደርሶ መልስ ትራንስፖርትና ለ3 ቀን ምግብ የሚበቃ ብር። ዋናውን ወረቀት ማውጣት ካስጠረጠረ በጓደኛ ስልክ ፎቶ አንሺው። የመሬት ደብተሩን ከደበቀብሽ አትጨነቂ፤ መዝገቡ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አለ፣ ያንቺም ስም ተመዝግቦ ከሆነ እዚያው ይገኛል።

ስልክሽን ያያል ብለሽ አስቢ። የደወልሽበትን አጥፊ፣ የሚረዱሽን ሰዎች በሌላ ስም መዝግቢ፣ የቴሌብር የሚስጥር ቁጥርሽን ቀይሪ። አስፈላጊ ጥሪ ከጎረቤት ወይም ከሱቅ ስልክ ይደወል። 991 ፖሊስ፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። 7711 የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ መስመር ሲሆን ማኅበሩ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። የፖሊስ ጣቢያውን ቀጥታ ስልክም ጠይቀሽ በቃልሽ ያዢ፤ ኔትወርክ በሚጠፋበት ሰሞን ደግሞ በእግር የሚደረስበትን ጣቢያና ጤና ጣቢያ ቀድመሽ ለዪ።

የምትወጪበት ቀን የገበያ ቀን ቢሆን ይመረጣል። ዘንቢል ይዛ የምትሄድ ሴት ማንም አይጠይቃትም፤ ሻንጣ የያዘችን ሁሉም ያያል። ልጆችን ይዘሽ ውጪ፣ በኋላ እመለስባቸዋለሁ አትበዪ። መናኸሪያ መጀመሪያ የምትፈለጊበት ስለሆነ በባጃጅ ቀጣዩ ከተማ ድረስ ሄደሽ ከዚያ ተሳፈሪ። ከባሕር ዳር ደጀን ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ በዳንግላ፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በአዴት፣ በሞጣና በቢቸና። አንዱ ቢዘጋ ሌላውን አስቀድመሽ አጣሪ።

ሐኪም ቤት

ከፖሊስ በፊት ሐኪም ቤት ብትሄጂ ጥፋት የለውም፤ ለመታከም የፖሊስ ደብዳቤ ግዴታ አይደለም። ለክሱ የሚያስፈልገውን የሕክምና ማስረጃ ፖሊስ በኋላም በደብዳቤ ይጠይቃል። ካርድሽ ላይ የሚጻፈው ግን የዚያን ቀን የተናገርሽው ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ነገር ይበላሻል። አፍራ ወይም ባሏ አጠገቧ ቆሞ «ወድቄ ነው» ያለች ሴት፣ ከወር በኋላ ፍርድ ቤት ስትቆም ያ ቃል ይነበብባታል። ብቻሽን ለመታየት ጠይቂ፤ «ባለቤቴ በዱላ መቶኝ ነው፤ ትናንት ማታ ነው» በዪ። ማን፣ በምን፣ መቼ፣ የትኛው አካል ላይ፣ አራቱም ይጻፉ። በለዝ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ይበልጥ ስለሚታይ ተመልሰሽ አሳዪ፣ ፎቶም ተነሺ። ደም የነካውን ወይም የተቀደደውን ልብስ አትጠቢው፤ በወረቀት ጠቅልይው፣ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል።

ተደፍረሽ ከሆነ ሰዓት ይቆጠራል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል፤ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጀመር። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሠራል፣ በዘገየ ቁጥር ግን ኃይሉ ይደክማል። ከምርመራው በፊት ባትታጠቢ ይመረጣል፤ ታጥበሽም ከሆነ ግን ከመሄድ አትቅሪ። መንገድ ተዘግቶ ሆስፒታል መድረስ ካልቻልሽ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ይጠየቅ፣ 72 ሰዓቱ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ለተጠቁ ሴቶችና ልጆች ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዓቃቤ ሕጉን አንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለው።

ፖሊስና ፍርድ ቤት

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ሳይጋቡ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም የአካል ጉዳት እንደ ማንኛውም ድብደባ እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። ዛቻም በአንቀጽ 580 ወንጀል ነው። ግን አንድ ቁጥር ያዢ፤ 3 ወር። ቀላል የአካል ጉዳትና ዛቻ የሚከሰሱት በተበዳይ አቤቱታ ስለሆነ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካላመለከትሽ መብቱ ያልፋል። ሽምግልናውን እያስረዘሙ ይህን ጊዜ የሚያሳልፉ አሉ።

ጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ካለው እዚያ ግቢ፤ ሴት መርማሪ ብትጠይቂ ነውር የለውም። ቃልሽን ከመፈረምሽ ወይም አሻራ ከማኖርሽ በፊት ይነበብልሽ፤ ያላልሽው ካለ ይታረም። የመዝገብ ቁጥሩን ሳትይዢ አትውጪ። «የባልና የሚስት ነገር ነው፣ በሽማግሌ ጨርሱት» ከተባልሽ «ጌታዬ፣ እርቁ ይደርሳል፤ አሁን ቃሌን መዝግቡልኝ» በዪ። እምቢ ካሉ አዛዡን፣ ካልሆነም የወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ዓቃቤ ሕግን ጠይቂ። የወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም አብሮሽ የሚሄድ ሰው እንዲመድብልሽ ጠይቂ፤ ብቻዋን የመጣችና ባለሙያ ይዛ የመጣች ሴት እኩል አትስተናገድም፣ መሆን ባይገባውም።

የሕጉን ቀዳዳ ሳንደብቅ እንንገርሽ። በትዳር ውስጥ መደፈር በሀገራችን ወንጀል ሕግ ለብቻው አያስከስስም፤ አብሮ የደረሰው ድብደባና ጉዳት ግን ያስከስሳል። ባል እንዳይቀርብሽ ብቻ ተብሎ የወጣ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግም የለንም። ስለዚህ ፍቺ ስትጠይቂ የቤቱን፣ የልጆችን ጥበቃና የቀለብን ጉዳይ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ፍርድ ቤቱ በጊዜያዊነት እንዲያዝልሽ በማመልከቻሽ ላይ አስጽፊ። ለዳኝነት የምትከፍዪው ከሌለሽ በደሃ ደንብ እንድትከሺ ጠይቂ። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ክፍሎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። በሰማንያ፣ በባህል ወይም በቁርባን መጋባትሽ በፍርድ ቤት ፊት ልዩነት የለውም።

ንብረት ላይ ቶሎ መሆን ይበጃል። መጥሪያው እንደደረሰው በሬ የሚሸጥ፣ የሌለ ዕዳ የሚያመጣ ባል ብዙ ነው። ከመውጣትሽ በፊት በሬውን፣ ላሙን፣ በጉን፣ ቀፎውን፣ የጤፉንና የበቆሎውን ኩንታል፣ የባሕር ዛፉን ቦታ ቆጥረሽ ጻፊ ወይም አስጽፊ፤ የሚያውቁ ሁለት ሦስት ጎረቤቶችን ስም ያዢ፤ ከክሱ ጋር አብሮ የእግድ ትዕዛዝ ጠይቂ።

ሽማግሌ ሲመጣ

ሽምግልናው በገለልተኛ ቤት ይሁን እንጂ ያለሽበት አይሁን። ከባልሽ ጋር ለብቻ አትቀመጪ። ያንቺ ወገን ሽማግሌ፣ ቢቻል አንዲት የምትከበር እናት፣ መሐል ይግቡ። የንስሐ አባትሽን አስቀድመሽ አግኝተሽ «አባቴ፣ አንቆኛል፤ ብመለስ እሞታለሁ» ብለሽ ሳትሸፋፍኚ ንገሪያቸው። ብዙ ካህናት «ታገሺ» የሚሉት ልክ ስላልተነገራቸው ነው። መመለስ ከመረጥሽ በቃል አይሁን፤ ዋስ ይጥራ፣ ገደቡ (ቃሉን ቢያፈርስ የሚከፍለው) በብር ተወስኖ በእማኝ ፊት ይጻፍ፣ መሣሪያው ከቤት ይውጣ፣ አንድ ኮፒ አንቺ ጋ ይቅር። «ክሱን አንሺ» የእርቁ መግቢያ ከሆነ አትፈርሚ። ያነቀና በጥይት የዛተ ባል ግን በዋስም በገደብም አይያዝም፤ ወደዚያ ቤት ሽማግሌ አይመልስሽ።

ለቀሪ ዕቃሽ ብቻሽን አትመለሺ። ከጣቢያው ፖሊስ ወይም ከቀበሌው ሚሊሻ ጋር ቀን ቁረጪ፣ የምትወስጂውን ዝርዝር ያዢ፣ በቀን ብርሃን ገብታችሁ ውጡ።